ክብር ለፍሪጅ በር ሽሮፕ

በእኛ ሰፈር ሐኪም የሚፈለገው ለሕመም ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው። ልጅ ካሳለማ የታችኛው ቤት እትዬ ፍሪጅ አለ። በሩን ሲከፍቱት ከሚጥሚጣው ብልቃጥ ጎን አንድ ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑ ሥር ሽሮፑ ደርቆ ሮዝ ቅርፊት ሠርቷል። አሞክሳሲሊን የሚሉት አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ነው። የማን ልጅ እንደጀመረው አይታወቅም። ዱቄቱ መቼ በውኃ እንደተበጠበጠም እንዲሁ። ከተበጠበጠ በኋላ ቢበዛ በ14 ቀን ይጣል ብለው የሚጽፉት ፋብሪካዎች የእትዬን ፍሪጅ አያውቁትም። «ገና ግማሹ አለ እኮ፣ ውሰጂው» ይላሉ እትዬ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የምርመራው ፍጥነት ነው። የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል። እኛ ንፍጡን አይተን እንጨርሳለን። ነጭ ከሆነ ብርድ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ቶንሲል ነው፤ ሽሮፕ ይምጣ። ተራ ጉንፋንም ቢሆን ንፍጡ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቀለሙን ይለውጣል ይላሉ ሐኪሞች። ይበሉ። ለመሆኑ ንፍጡን ሲጠርግ የሚያድረው ማን ነው?

ደግሞ የልጆች ጉንፋን የቫይረስ ነው ይሉናል። ራይኖቫይረስ፣ አርኤስቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ስም ሲያበዙ! አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ ቫይረስ ደግሞ ግድግዳ የለውም ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሰምቶ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኛ አንበገርም። ማንኪያ ጠዋት፣ ማንኪያ ማታ። ማንኪያው የሻይ ይሁን የሾርባ የሚወሰነው በልጁ ኪሎ አይደለም፤ ታጥቦ በተገኘው ነው።

ውጤቱስ? በሳምንቱ ልጁ ድኖ ይሮጣል። ጉንፋን በራሱ ጊዜ የሚለቅ በሽታ ነው፣ ሳሉ ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊከርም ይችላል የሚሉ ምቀኞች አሉ። ዶሮ ስለጮኸ አልነጋም ማለታቸው ነው። ታዲያ ዶሮ ሳይጮህ ነግቶ ያውቃል?

እኔ የማዝነው ለዚያች ወጣት ሐኪም ነው። አንዷ ጎረቤታችን የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ካርድ አውጥታ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ገባች። ሐኪሟ የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጋ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። ጀርባውን አዳመጠች፣ ጆሮውን አየች። ከዚያ በኋላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ቫይረስ ነው። ፈሳሽ አብዢለት። አፍንጫውን በጨው ውኃ አጽጂለት። ትኩሳቱ ካስቸገረው ፓራሲታሞል። ዓመት ስላለፈው ማታ ማታ ትንሽ ማር ብታልሺው ሳሉን ያለዝብለታል።» በቃ!

ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች ከበቧት።

«ምን ሰጠችሽ?»

«ምንም!»

«አይ የዛሬ ልጆች! ገና ልምድ የላቸውም እኮ።»

ሐኪሟ ሌላም ነገር ብላ ነበር። በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን አምጪው ብላለች። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ አሞክሳሲሊንም ሥራ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው ብላለች። ይሄን ግን ማንም አልያዘላትም። ማኅተም የለው፣ ጠርሙስ የለው።

መድኃኒት ቤቱ ግን ሰው ያከብራል። ሕጉ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይሸጥም ይላል። ጎረቤታችንም በዚያው ቀን ጎራ አለች።

«ማዘዣ ይዘሻል?»

«ወንድሜ፣ እዚሁ ሰፈር እኮ ነው የምኖረው።»

«እሺ፣ የልጅ ነው የአዋቂ?»

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር አንድ ቀን መድኃኒቱ ከሱቅ እንደልብ ይገዛ ይሆናል፣ ያልገባው ሰውም አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ያለማምደዋል ብሎ ሰግቶ ነበር። እኛን በአካል አያውቀንም፤ ግን ጠርጥሮናል። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። እትዬ በዚህ ዓለም አቀፍ ሥራ ያላቸውን ድርሻ እስካሁን ያነሳላቸው የለም።

ለልጁ ግን አሞክሳሲሊኑም አልበቃው። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ባሰና አባትየው ቆጣ ብሎ ተነሳ። «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብሎ ኦግመንቲን አመጣ። ሁለት ቀን ሞከሩት። ቀጥሎ ያ የሦስት ቀኑ አዚትሮማይሲን መጣ። እሱም ሲያልቅ አንድ ወዳጁ «ምን በሽሮፕ ትለፋለህ፣ መርፌ ነው እንጂ» አለውና ሴፍትሪአክሰን ከነስሪንጁ ገዝቶ፣ የሚወጋለት ሰው አስከትሎ ግቢ ገባ። ልጁ የለም። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ሊያባርር ወጥቷል።

ተመካከሩ። መርፌው ለሚቀጥለው ጉንፋን እትዬ ፍሪጅ ይቀመጥ ተባለ።