ያገለገለ ማርቼዲስ ልትገዙ ነው? ጠዋት ሂዱ

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ደወለና ሰላም እንኳ ሳይል «1.8 ይሻለኛል ወይስ 2.0?» አለኝ። የሞተሩን መጠን በሊትር ማለቱ ነው። ሁለት መኪና አይቷል። አንዱ የ2011 ሞዴል ማርቼዲስ ሲ 180፣ ሌላው የ2006 ቢኤምደብሊው 320። የማርቼዲሱ ደላላ «1.8 ነው፣ ነዳጅ አይበላም» ብሎታል። የቢኤሙ ደላላ ደግሞ «በ1.8 እንጦጦን አትወጣም» ብሎ አስፈራርቶታል። ሁለቱም የሚያስቡት ኮሚሽናቸውን ነው፣ እሱን እንተወው።

እኛ አገር መኪና ሲነሳ ሲሲ (የሞተሩ መጠን፣ 1000 ሲሲ አንድ ሊትር ነው) የሚጠየቀው በቀረጥ ምክንያት ነው። በ1995ቱ የኤክሳይስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። ቫቱና ሱር ታክሱ በላዩ ላይ ይከመራል። እንግዲህ የዚህ ሲ 180 ሞተር 1796 ሲሲ ነው፣ የ320ው 1995። ልዩነቱ 199 ሲሲ፣ ሁለት ሦስት ሲኒ ቡና ቢሞላ ነው። ለሁለት ሦስት ሲኒ ቡና 60 የነበረው 100 ይሆናል። በ2012 የወጣው አዋጅ የመኪናውን ዕድሜም ሲጨምርበት አሮጌ መኪና ማስገባት የማይቀመስ ሆነ፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው ድሮ የገባው ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገላበጠ። ቀረጡ ተከፍሎ ካለቀ ቆይቷል። እኛ ግን እስካሁን «ከ1800 በታች ነው» ሲባል ደስ ይለናል።

የእንጦጦው ወሬ ደግሞ ጭራሽ የተገለበጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን በራሱ ስቦ ስለሚያስገባ እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይጎድልበታል። ጓደኛዬ ያየው 320 ቱርቦ የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ 150 የፈረስ ጉልበት የነበረው እኛ ዘንድ 115፣ ቢበዛ 120 ቢሆን ነው። ሲ 180ው 156 ነው፣ ቱርቦም አለው፣ ቱርቦው ስሱን አየር ጨምቆ ስለሚሰጠው አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ሁለቱን አብራችሁ ብትለቋቸው ትንሹ ሞተር ትልቁን ጥሎት ይሄዳል።

«ነዳጅ አይበላም» የሚለውም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ሁለቱም አንድ ቶን ተኩል የሚጠጋ ክብደት ነው የሚጎትቱት። እንበልና ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ነው። በወር 800 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 16 ሊትር። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ 16 ሊትርም ገንዘብ ነው፣ አልንቀውም። ግን በዚህ መኪና ደረጃ አንድ ከባድ የሞተር ሥራ የሁለት ሦስት ዓመት ቁጠባችሁን በአንድ ቀን ይበላዋል።

ደግሞ ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ። በዚያ ዘመን የቤንዚን ሲ 180፣ ሲ 200 እና ሲ 250 ላይ የምታገኙት ያው 1796 ሲሲ ሞተር ነው፣ አንዱ 156፣ አንዱ 184፣ አንዱ 204 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ተስተካክሎ። ሲ 180 ተብሎ 1.6 የሆነም አለ። ቢኤሙም ከ2012 ሞዴል (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ ያው ነው፤ 320ውም 328ቱም 1997 ሲሲ ሆነው አንዱ 184 ሌላው 245 ያወጣሉ። ሊብሬውን አስወጥታችሁ አንብቡ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ቁጥሩን ገዝቶ የሚለጥፍም አይጠፋም።

እኔ ሲሲውን ከመጠየቄ በፊት «ይሄ ሞተር በምን በሽታ ይታወቃል?» ነው የምለው። ባለ 1.8ቱ ማርቼዲስ በካቴናው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል በሚያስኬደው የሞተር ሰንሰለት፣ ይታወቃል። ካቴናው ይለጠጣል፣ የሚዞርባቸው የላይኞቹ ጥርሶች ይበላሉ፣ ዝም ከተባለ አንድ ቀን ጥርስ ዘሎ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያን ጊዜ የምትገዙት ሞተር ነው። የ2006ቱ 320 ደግሞ ዘይት ይጠጣል። የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ይደርቁና መብራት ላይ ቆይታችሁ ስትነሱ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ከኋላችሁ ያለው ሰው መስኮቱን ሲዘጋ ታዩታላችሁ። ትንሽ ሞተር ሁሌ ከጣጣ ያድናል ማለትም አይቻልም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ትንሿ ትሻላለች» ብለው ሌክሰስ አይኤስ 250 ይገዛሉ። 250ው ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ብቻ ስለሚረጭ ቫልቮቹ ጥላሸት ይይዛሉ፣ 350ው ግን ሁለት ዓይነት መርጫ ስላለው ቫልቮቹ በነዳጅ ይታጠቡለታል።

ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ዓባይ በረሃን በየሳምንቱ ለሚወጣ ሰው ትቼዋለሁ። ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ምን ያደርግለታል?

ለጓደኛዬ «1.8ቱን ያዝ፣ ካቴናው ተቀይሮ ከሆነ ደረሰኙን ይስጡህ፣ ካልተቀየረ የሥራውን ዋጋ አስቀንስ» አልኩት። ከዚያ አብረን ሄድን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። የካቴናው ድምፅ የሚሰማው ሞተሩ አድሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ገና ሲነሳ ነውና። ኮፈኑን ስነካው ሞቅ ብሏል። ሰውየው ቀድሞ አስነስቶታል። ምንም ሳንል ተመለስን፣ በማግስቱ ሳንደውል ከች አልን። ቁልፉን ሲያዞረው ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም እንደሚንቀጫቀጭ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተንኮሻኮሸና ጸጥ አለ። ጓደኛዬ አየኝ።

ሰውየው «ብርዱ ነው» አለን። ግንቦት ነበር።