ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለቀው ቀለም

እሁድ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሽንኩርት እንዳላቁላላ ታዝዣለሁ። ያዘዘኝ መንግሥት አይደለም። ከሥሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ቤታቸውን ሊሸጡ ነው፣ ገዢ ሊመጣ ነው፣ ገዢ ደግሞ ደረጃ ላይ የሽንኩርት ሽታ ከሸተተው ይመለሳል። ይህን የነገራቸው ደላላው ነው።

«ልጄ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ቻይኝ። ካልሆነም ቅዳሜ ማታ አቁላልተሽ አሳድሪው» አሉኝ፤ በሬ ላይ ቆመው፣ በታላቅ ትሕትና።

አሳድሪው! ቤቱ የእኔ፣ ድስቱ የእኔ፣ ሽንኩርቱም በዘንድሮ ዋጋ በእኔ ገንዘብ የተገዛ። ግን «እሺ ጋሼ» አልኩ። ትልቅ ሰው ፊት እሺ ብሎ በር ዘግቶ መናደድ ነው ያደግንበት።

የጋሼ ቤት ለገበያ ከወጣ ከርሟል። ጀሞ፣ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም። ደላላው ቲክቶክ ላይ ሲያስተዋውቀው ግን ሌላ ቤት ይሆናል። «ለኑሮም ለኢንቨስትመንትም የሚሆን፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄዱ በአስቸኳይ የሚሸጥ!» ጋሼ ወደ ውጭ አይሄዱም። የሚሄዱት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሰሚት፣ ልጃቸው ዘንድ ነው። እርግጥ በታክሲ ሰልፉ ካየነው ከውጭ ብዙም አይተናነስም።

አልሸጥ ሲል ማሳመር ጀመሩ። መጀመሪያ ጂፕሰም መጣ። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ክብ ተሠራና ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ተገጠመለት፤ አሁን ማታ ማታ ጋሼ ዜና የሚያዩት የምሽት ክበብ ውስጥ ነው። (ጂፕሰሙ የሸፈነው ርጥበት ከማን መታጠቢያ ቤት እንደወረደ እዚህ ላይ አናነሳም።) ቀጥሎ መጋረጃ ተለወጠ። የፕላስቲክ አበባ ተገዛ። አበባው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ የዋጋው ወረቀት ከአንዱ ቅጠል ሥር ተለጥፎ አለ። ባለቤታቸው እትዬ እንዳይነቀል ብለዋል፤ ገዢ ርካሽ ነገር እንዳልሆነ ይይ ነው ነገሩ። ገዢ ሲመጣ ደግሞ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የእኔ ሽንኩርት ጭስ ነው፣ የእሳቸው ዕጣን መዓዛ ነው።

ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ነው። በርበሬ ቀንጥሶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ምን ያህል አስቂኝ እንደሆነ ይገባዋል። መቀንጠስ ገና መጀመሪያው ነው። መደለዙ አለ፣ ማስጣቱ አለ፣ ቅመሙ አለ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋው አለ። ሠርገኛው በር ላይ ቆሞ ያ ሁሉ ሊደርስ? ሁሉም ሰው በተረቱ የሚስቀው በደጋሹ ነው። እኔን ግን ሁሌ የሚያሳስበኝ ሠርገኛው ነው። ያን ዕለት ምን በላ? አልጫ ነው መቼስ። አልጫ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ አመስግኖ ሄደ። ይህቺ ከተማም በዚህ ተረት ነው የምትተዳደረው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቃረብ የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ይቀባል፤ በቀረው ጊዜ በዚያው ጠርዝ የምንሄድ እኛ አልጫችንን እንበላለን።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሳቸው ጋር ያለኝ ቂም የሽንኩርት አይደለም። የአምፖል ነው።

የእኛ ሕንጻ እንደ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤትና አራት ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ደረጃው የማንም አይደለም፣ ማለትም የሁላችንም ነው። የጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ 370/1995 ይህንን አስቀምጦታል፤ ከበርህ ውስጥ ያለው የግልህ፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ጣሪያው የጋራ፣ ወጪውም የጋራ። ሕጉ ግልጽ ነው። ኮሚቴው ለደረጃ መብራት መዋጮ ሲሰበስብ ጋሼ ምን አሉ? «እኔ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አልወጣም።» ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የጋራ ሮቶና ፓምፕ እንግዛ ሲባልስ? «እኔ በጀሪካን ለምጃለሁ።» ኮሚቴው ከሳቸው ጋር ተከራክሮ ሲደክመው ፈረሰ። እኛም ያን ደረጃ በስልክ ባትሪ ስንወጣ ስንወርድ ከረምን።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቆየኝ። በዚያ ጨለማ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣ ነፍሰ ጡር አለች። ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ አንዷን ደረጃ ስተው እግራቸውን ወለም ብሏቸው ወጌሻ ቤት ተወስደዋል። ጋሼ «እግዜር ይማርዎ» ሊሉ መጡ። ባትሪ ይዘው ነው የመጡት።

አሁን ደረጃው በርቷል። ባለፈው ማታ ስገባ ሌላ ብሎክ የገባሁ መስሎኝ ወጥቼ ቁጥሩን አየሁ። ጋሼ በራሳቸው ገንዘብ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ስብሰባ፣ ከምድር እስከ ሦስተኛ ፎቅ አምፖል ገጥመዋል። ለገዢ ነው። ገዢው አይቶ እንደሄደ ደግሞ ወንበር ላይ ቆመው አንድ በአንድ እየፈቱ ቤታቸው ያስገቧቸዋል። ግድግዳውንም ክሬም ቀለም አስቀብተዋል። ቀለሙ ከመግቢያው ይጀምርና ከበራቸው አንድ ክንድ አልፎ ያበቃል። ሮለሩ የተነሳበት ቦታ ይታያል። ከዚያ በላይ ያው የድሮው ግድግዳ ነው፤ የልጆች እስክርቢቶ፣ የሶፋ ፍግፋጊ፣ «ቧንቧ እንጠግናለን» የሚል ስልክ ቁጥር። ገዢ አራተኛ ፎቅ ምን ይሠራል?

ለነገሩ ቤቱ የማይሸጠው በእኔ ሽንኩርትም በደረጃውም አይደለም። በዋጋው ነው። ጋሼ በ1997 ተመዝግበው ዕጣ ከወጣላቸው ናቸው። ሃያ በመቶውን ቆጥበው፣ ሰማንያውን ከባንክ ተበድረው ቤት ያገኙ። መሸጥ የማይፈቀድበት አምስት ዓመትም ካለፈ ቆየ። እስከዚህ ጥሩ። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ቤቱን በዶላር ማስላት ጀመሩ። ዶላር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጠዋት ዜና ሰምተው ከሰዓት ዋጋ ይጨምራሉ። ደላላው ራሱ ስንት እንደሚል ግራ ገብቶታል፤ ኮሚሽኑ ግን በአሳብ እየጨመረለት ስለሆነ ብዙም አይከፋውም።

ደግሞ ወሬያቸው። ገዢ «ካርታው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አለ» ነው። ጋሼ ግን ከአዋጅ 47 ነው የሚጀምሩት። በ1967 ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ አባታቸው ሦስት የሚከራዩ ሰርቪሶች እንዴት እንዳጡ፣ ግቢው ውስጥ የነበረው ኮክ ምን ያህል ያፈራ እንደነበር። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ አዋጅ ያላዘነ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እኔም ሰምቼ አዝኛለሁ። ገዢው ግን ሰዓቱን እያየ ነው። ማወቅ የሚፈልገው የባንክ ዕዳው ማለቁን፣ እገዳ አለመኖሩን፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ቀርበው የሚፈርሙ መሆኑን ነው። እትዬ ለመፈረማቸው ደግሞ እኔ ዋስ አልሆንም። ሰሚት መሄዱን አልወደዱትም።

ከሚመጡትም እኮ ግማሾቹ ገዢ አይደሉም። እሁድን የሰው ቤት እያዩ የሚያሳልፉ አሉ። ቁም ሳጥን ይከፍታሉ፣ ሽንት ቤት ገብተው ውሃ ይለቃሉ፣ ሁለተኛ ቡና ይጠጣሉ። አንዲት እናት በቀደም ገና በሩን ሲያልፉ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። ጋሼ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ «እምቦሳ እሰሩ!» ብለው ተሸጠ ብለው ቁጭ አሉ። ሴትዮዋ ሦስተኛውን ቡና ጠጥተው፣ ፈንዲሻውን መርቀው ሄዱ። እስካሁን አልደወሉም።

ምክር ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጂፕሰሙን እዚያው ይተዉት፣ የባንኩን ክሊራንስ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፣ አበባውን ያንሱት፣ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ሳይደብቁ ይናገሩ፣ ዋጋውን እንደገና ያስቡበት እል ነበር። አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሽንኩርት ብቻ ነው። እሱንም አስቤበታለሁ፤ የተከለከለው ማቁላላት ነው፣ ስለ ዓሣ መጥበስ የተነገረኝ ነገር የለም።

ይልቅ ትናንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ቀለሙ ተርፏል እንዴ?»

«ተርፏል ልጄ፣ ግማሽ ባልዲ አለ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሰሚት ይዤው እሄዳለሁ።»