ማስተካከያ፦ የናፍጣ ሞተር ቫክዩም የሚለካው ከፓምፑ ነው

ስለ አሮጌ ናፍጣ መኪኖች የኢጂአር ቫልቭ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልስ፣ በቫክዩም ማለትም በአየር ስበት የሚከፈት) ፍተሻ ቀደም ሲል «ቫክዩሙን ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቱቦ) ለኩ» ያልነው ስህተት ነው። አብዛኞቹ እንደ ቤንዚን ሞተር አየር የሚያፍን ስሮትል ስለሌላቸው እዚያ የሚረባ ቫክዩም አይገኝም፤ የሚስበው ራሱን የቻለ ቫክዩም ፓምፕ ነው።

ጌጁን ከፓምፑ በሚወጣው ቱቦ ላይ ሰክታችሁ ሞተሩን በሚኒሞ አሠሩት። ጤነኛ ፓምፕ በባሕር ወለል አካባቢ ከ0.8 እስከ 0.9 ባር ያህል ይስባል፤ ከፍታ ላይ ንባቡ ስለሚያንስ ፓምፑን ቶሎ አትኮንኑት። ቀጥሎ ኢጂአሩን ለብቻው በእጅ ፓምፕ ሳቡት። የጌጁ መርፌ ወዲያው ከተመለሰ ዲያፍራሙ (ቫልቩን የሚስበው ስስ ሽፋን) ተቀዷል። መርፌው ባለበት ቆሞ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ግን ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍ እጠፍ እያደረጋችሁ እዩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትበቃለች።

ፓምፑ የፍሬን ሰርቮውንም (ፍሬን ሲረገጥ ኃይል የሚያግዘውን) ስለሚያገለግል ቱቦው ተነቅሎ መኪናው አይነዳ።