መለኪያና ጉርሻ

ቦሌ ኤርፖርት አክስቴ ስታየኝ መጀመሪያ አላወቀችኝም። ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ልጄን ምን አገኘብኝ?» ትላለች ደጋግማ። ከቨርጂኒያ ስነሳ የሥራ ጓደኞቼ «አምሮብሃል፣ ምን አድርገህ ነው?» እያሉ ነበር የሸኙኝ። ያው ገላ እዚያ ተመስግኖ እዚህ ተለቀሰለት።

ከስድስት ወር በፊት ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን አስቀንሻለሁ። «ስሊቭ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ የሚለውን ቆርጦ ያወጣል። የቀረው ቀጭን ሙዝ ይመስላል። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል።

138 ኪሎ ነበርኩ። አሥር ዓመት አሌክሳንድሪያና ዋሽንግተን መሀል ስነዳ ኖሬያለሁ። ቀኑን በቡናና በሶዳ አሳልፋለሁ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ጥብስ በሦስት እንጀራ በልቼ እተኛለሁ። ስኳር ያዘኝ። ደም ግፊት ተከተለ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ ስለሚቋረጥ አፍንጫዬ ላይ ማሽን እየገጠምኩ መተኛት ጀመርኩ። ውሳኔው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለፋሲካ አዲስ አበባ ስገባ 104 ኪሎ ደርሼ ነበር።

ለቤተሰብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እኛ ዘንድ «ወፈርክ» ማለት «ተመችቶሃል» ማለት ነው። የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል። ያሳደገችኝን አክስቴን «ደህናውን ሆዴን አስቆረጥኩት» ብዬ በስልክ እንዴት ልንገራት? «በአካል እነግራታለሁ» እያልኩ ወራቱ አለፉ።

አሜሪካ ስለዚህ ጉዳይ እውቀት አይጎድልም። ይህንን ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ወፍራም ቡክሌት ሰጡኝ። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ ሁለት ወር አካባቢ ላይ ቀስ በቀስ መደበኛ ምግብ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን። ምግብና ውኃ አብሮ አይወሰድም፣ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቢ12 ዕድሜ ልክ። ብረቱና ካልሲየሙ በተለያየ ሰዓት። የምግብ ባለሙያዋ ራሷ እየደወለች ትጠይቀኝ ነበር። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ደሜን መረመሩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ኩባያዋን ነው። 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የፕላስቲክ የመድኃኒት ኩባያ ናት። ልክ የአረቄ መለኪያ ታክላለች። የመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ በየ15 ደቂቃው አንድ መለኪያ ውኃ ነበር። አንዷን ለመጨረስ አራት አምስት ጊዜ ፉት ማለት ነበረብኝ። ትንሽ ከፈጠንኩ ደረቴ መሀል ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሰዓት እያየሁ፣ ኩባያዋን እያነሳሁ እያስቀመጥኩ አነጋሁ። ግማሽ ሊትር ሶዳ በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ሳደርግ ውኃ ምን እንደሚመስል አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት ግን እያንዳንዷ ጠብታ ስትወርድ ተሰማችኝ።

ቤት ስገባ ብቸኝነቱ ጀመረ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሌሊት ይሠራል። እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ የተፈጨ ምስር በቡና ማንኪያ እቀምሳለሁ፣ ስልኬ ላይ 20 ደቂቃ ሞልቼ። ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ፣ በቃ። የበላሁትን የሚያይ፣ «ጨምር» ወይም «ይበቃሃል» የሚለኝ የለም። ሆስፒታሉ ምግብ ቤት ስገባ የማሳየው ካርድም ሰጥቶኝ ነበር። «ይህ ሰው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ስላደረገ እባክዎ በትንሽ መጠን ያቅርቡለት» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ከጓደኞቼ ጋር ሐበሻ ቤት ትሪ ከበን ስንቀመጥ ያንን ካርድ ለማን ላሳይ? ቀስ በቀስ መሄዱን ተውኩት። አሁን ሳስበው መተው አልነበረብኝም። አንድ ትሪ ላይ ሲበላ የራስህ ሳህን የለህም። ማን ስንት እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም፣ ዳር ዳሩን ስትነካካ ማንም ልብ አይልህም። ሳህን ለየብቻ በሚቀርብበት ቤት ነው የተረፈው ምግብ የሚያጋልጥህና አስተናጋጁ «ምነው፣ አልጣመዎትም?» የሚለው።

አዲስ አበባ የገባሁት ሕማማት ላይ ነው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን ከመነሳቴ በፊት ጠይቄያቸው ነበር። «ሐኪም ያዘዘህን ብላ፣ ጾምህን በሌላ ጹም» አሉኝ። ሆኖም እንቁላል አምጡልኝ ማለት በዚያ ሳምንት አፌን ከበደኝ። ሽሮ ፈሰስ ያለ ሲሆን ያለ ችግር ይወርድልኛል፣ በእሱ ቆየሁ። የሐሙሱን ጉልባን ግን አልቻልኩትም። ንፍሮው አስቸገረኝ። «ጨጓራዬን ያመኛል» አልኩ። ጨጓራ እኛ አገር የማያውቀው ሰው ስለሌለ ሁሉም ተቀበለኝ። አብሽም፣ ተልባም መጣልኝ። ውሸት አልነበረም፣ እውነቱም ግን እሱ አልነበረም፤ ደስ አላለኝም።

የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመለስን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዶሮው ወጣ፣ ፈረሰኛው ለእኔ ተባለ። አክስቴ እንጀራውን በወጡ አርሳ፣ ሥጋ ጨምራ፣ ዓይብ ጣል አድርጋ ጠቀለለችው። ስድስት ዓመት ሳታጎርሰኝ የቆየች ሴት ናት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንን ጉርሻ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል? ጎረስኩት። በሥርዓቱ አላኘክሁትም፣ ዐይኗ ዐይኔ ላይ ነበር። ዋጥኩት፣ ደረቴ መሀል ተቀረቀረ። ላብ አጠመቀኝ። አፌ በለሃጭና በአረፋ ሞላ። ተነስቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ስመለስ አክስቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። «ጠላኸው?» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳፈረኝ ቃል የለም።

ያኔ ነው የአክስቴ ልጅ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ «ተክሚም ሠርተህ ነው አይደል?» ያለችኝ።

ተክሚም ስሊቭን ዐረቦች የሚጠሩበት ስም ነው። እሷ ኩዌት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። እዚያ ብዙ ሰው ይሠራዋል። ማዳሟም ሠርታዋለች፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቀንም ሌሊትም ያስታመመቻት እሷ ናት። «ከመጣህ ቀን ጀምሮ ዐውቄያለሁ» አለች። ጎርሼ እጄን ከትሪው እንደማርቅ አይታለች። ከምግብ ጋር ውኃ እንደማልጠጣ፣ ቆይቼ ጠርሙሱን ይዤ ፉት ፉት እንደምል ሁሉ አይታለች። እኔ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ለእናቷ ያስረዳቻት እሷ ናት። እኔ ብሆን ስለ ሆርሞንና ስለ ፐርሰንት አወራ ነበር። እሷ ቡጢዋን ጨበጠችና «የእኛ ሆድ ይህን ያህላል እንበል» አለች። ከዚያ አውራ ጣቷን አነሳች። «የእሱ አሁን ይቺን ታህላለች። ጠልቶሽ አይደለም እማዬ፣ ቦታ የለውም።» አክስቴ አውራ ጣቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የዶሮውን እንቁላል ለሁለት ከፈለች፣ ግማሹን ከዓይብ ጋር በሹካ አድቅቃ፣ ቁሌቱን ጠብ አድርጋ፣ የጣቷን ጫፍ የምታህል አነሳችና አጎረሰችኝ። ወረደ። «ሌላ ልጨምር ወይስ እንቆይ?» አለችኝ። ቡክሌቱ ውስጥ ያልነበረው ጥያቄ ይህ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቤቱ ተስተካከለልኝ። የዶሮ ሥጋ ይደርቅብኛል፣ እንቁላሉና ዓይቡ የእኔ ሆኑ። ለብለብ ያለ ክትፎ በሁለት ማንኪያ። እንጀራ ስስ ሆኖ ሁለት ሦስት ጉርሻ እችላለሁ። (እዚህ ያለው የጤፍ እንጀራ ቨርጂኒያ ከምበላው፣ ስንዴና ገብስ ከተቀላቀለበት ይልቅ ለእኔ ቀለል ይለኛል።) ገንፎ እምቢ አለኝ፣ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ጠጅ እንደ ድሮው አይደለም፣ አልኮል ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ቶሎ ራስ ላይ ስለሚወጣ ገና ከግማሽ ብርሌው ራሴን አዞረኝ፣ ተውኩት።

ቡናው ግን አስደነቀኝ። ከበላን በኋላ ቄጤማው እስኪጎዘጎዝ፣ ቡናው ታጥቦ እስኪቆላ፣ ተወቅጦ ጀበናው እስኪፈላ 30 ደቂቃው ያልፋል። ያ ቨርጂኒያ በስልክ ደወል የምጠብቀው ሰዓት እዚህ በወሬና በዕጣን መሀል ሳላውቀው ያልቃል። ሲኒዋም ትንሽ ናት፣ ፉት እየተባለ ነው የሚጠጣው። ከአቦል ወደ ቶና ያለው ጊዜ ለእንደኔ ዓይነቱ ሆድ የተለካ ይመስላል። የምጠነቀቀው የብረት ኪኒኔን ከቡናው አርቄ በመውሰድ ብቻ ነው፣ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል።

አንድ ምሽት የአክስቴን ልጅ ስለ ማዳሟ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ በሁለተኛው ሳምንት ሩዝ ሰርቃ በልታ ሲያስመልሳት ማደሯን፣ አንድ ቴምር አይታ ማልቀሷን ነገረችኝ። የምስር ሾርባ በወንፊት አጥልላ፣ የዶሮ ሾርባ ስቡን ገፍፋ በማንኪያ ታጠጣት ነበር። «እሷ ያልጨረሰችውን እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ እበላ ነበር» አለችኝ። እኔም ቆሜ ነበር የበላሁት፤ ግን የእኔ በገዛ ቤቴ ነው። ሰባት ዓመት ስትሠራ፣ ተመልሳም ሁለት ዓመት ስትቀመጥ፣ የምታውቀውን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በእኛ ቤት «ዐረብ አገር ምን ይዛ መጣች?» ሲባል የሚታሰበው ወርቅና ቴሌቪዥን ነው። ይህ ያናድደኛል። የእኔን ሐኪም ያህል ባታውቅም፣ ሐኪሜ የማያያቸውን ሦስት መቶ ማዕዶች አይታለች።

የጠየቅኋት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈራችን ያለች አንዲት ልጅ ኢስታንቡል ሄዳ ያንኑ ኦፕራሲዮን አሠርታ መጥታለች። በሳምንት ውስጥ ተመልሳ የአንድ ወር ኪኒን ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲያ የሚደውልላት የለም፣ ደም የሚመረምርላት የለም። ምግብ እምቢ ሲላት ቀላል ሆኖ የወረደላት ሻይ በስኳርና ብስኩት ነው፣ በእሱ ትኖራለች። ፀጉሯ ይረግፋል፣ ስትነሳ ያዞራታል። ሰው «ቀጭን ሆንሽ» ሲላት ትስቃለች። እኔ ግን ፈራሁላት። ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን ባጭር ጊዜ ያልቅበታል፣ እሱ ሲያልቅ ነርቭና አእምሮ ይጎዳል። ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ የሚቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አበላል ዕድሜ ልክ ነው፣ እሱን ማንም አላስተማራትም። ወስደን ደሟን አስመረመርናት። የደም ማነስ ተገኘባት፣ ሕክምና ጀምራለች።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የአክስቴ ልጅ የተማሪ ደብተር ገዝታ መጣች። ቡክሌቱን በስልኬ ከፍቼ በአማርኛ አነብላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቡክሌቱ «የተፈጨ ቱርክ» ሲል እሷ ትሰርዝና «ዓይብ፣ የላመ ሽሮ፣ ግማሽ እንቁላል» ትላለች። የማልስማማበት አለ፣ እንከራከራለን። አክስቴ መሀል ገብታ አጥሚት መቼ እንደሚፈቀድ ትጠይቃለች። «ያለ ስኳር ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት» ተባለ፣ ተጻፈ። ደብተሩ አሁን ያለው ሰፈር ውስጥ፣ ልጅቷ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ገጽ በአክስቴ ልጅ ክብ ክብ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የምስር ሾርባ፣ በወንፊት የተጠለለ። በርበሬ የለም። አንድ መለኪያ በ15 ደቂቃ። ብቻሽን አትብዪ፣ ጥሪኝ።»