ካፒቴኑ ከመስመር ውጪ ናቸው

የመርከቡ ሆድ ውስጥ አራት ጫማ ውሃ ገብቷል። ዋናው ምሰሶ ተገንጥሎ በጎን እየተጎተተ ነው። ፓምፑን የያዙት መርከበኞች መዳፋቸው ተልጧል፤ የፈረንሳይ መርከቦች ደግሞ ከኋላ እየቀረቡ ነው። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ገጽ እገልጣለሁ። ባለቤቴ የተጣራችው ይኼኔ ነው።

«አንተ! ቧንቧው እኮ አሁንም ያንጠባጥባል!»

«ሰባት ገጽ ብቻ ቀረኝ።»

«ባልዲው ሞልቷል እያልኩህ ነው!»

ከነዚያ ምስኪኖች ጋር የባህር ውሃ ስቀዳ ያመሸሁ ሰው አንዲት ባልዲ ልደፋ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ ራሷ ደፋችው። «የእንግሊዞቹን ስትጨርስ የኛንም ታያለህ» ብላ መብራቱን አጥፍታብኝ ተኛች። ቀሪውን ሰባት ገጽ በስልኬ መብራት ቀጠልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ይኼ የባህር ጦርነት ልብ ወለድ በሽታ የኔ ብቻ አይደለም፤ ትናንት የጀመረም አይደለም። ፍሬደሪክ ማሪያት የሚባል እንግሊዛዊ በ1806 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ገና በ14 ዓመቱ የጦር መርከብ ላይ ወጣ፤ በኋላም የኖረውን ኑሮ ወደ ልብ ወለድ ለወጠው። ያኔ ካፒቴኑ ሎርድ ኮክሬን ነበር። ይኼ ሰው በ1801 ስፒዲ በምትባል፣ 14 ትንንሽ መድፍና 54 ሰው በያዘች መርከብ፣ 32 መድፍና 319 ሰው የነበራትን የስፔን መርከብ ማርኳል። ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን «አሁንስ አበዛው!» ብለን መጽሐፉን እንወረውረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነሱት የባህር ጦርነት ደራሲዎች ከኮክሬን ጓዳ ያልተበደሩት ጥቂቱን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ከምናነበው ግማሹ አይገባንም። መርከብ ላይ ገመድ፣ ገመድ ተብሎ አይጠራም። ሸራውን ወደ ላይ የሚያወጣው ሃልያርድ ነው፤ ሸራው የተሰቀለበትን አግዳሚ እንጨት የሚያዞረው ብሬስ ነው። ሺት (በተራው እንግሊዝኛ አንሶላ) ሲባል ሸራው ይመስላችኋል፤ እሱም ገመድ ነው። ይህን እስካውቅ ሦስት ወፍራም መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ማዕበል በተነሳ ቁጥር መርከበኞቹ አንሶላ የሚጎትቱ ይመስለኝ ነበር። ግን በዚህ ተናድዶ ያቆመ አንባቢ አላውቅም። ካፒቴኑ የሆነ ነገር ብሎ ይጮሃል፣ ሰዎቹ ይሮጣሉ፣ መርከቧ ትዞራለች። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ቃል ይገባናል፤ የሚዞር ነገር ግን የለም።

ሰው ሲጠየቅ «ጀብዱው ነው የሚማርከኝ» ይላል። መድፉ፣ ሻምላው፣ ማዕበሉ። እኔ አላምንም። የምንቀናበት ሌላ ነገር ነው፦ ካፒቴኑን ማንም ሊደውልለት አይችልም።

መልህቁን አንዴ ካነሳ አለቀ። አለቆቹ ለንደን አድሚራሊቲ በሚባለው የባህር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ከመብላት ሌላ ምርጫ የላቸውም። እንግሊዞች የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች ያሸነፉበት የትራፋልጋር ውጊያ የተካሄደው ኦክቶበር 21 ቀን 1805 ነው። ያን የሚያህል ድል፣ በዚያ ላይ የእንግሊዞቹ አዛዥ የአድሚራል ኔልሰን ሞት! ዜናው ፒክል በምትባል ትንሽ መርከብ፣ ቀጥሎም በፈረስ ሠረገላ ተጉዞ አድሚራሊቲ የደረሰው ኖቬምበር 6 ሌሊት ነው። አሥራ ስድስት ቀን። እኔ ለአሥራ ስድስት ደቂቃ ስልክ ባላነሳ መጀመሪያ አለቃዬ፣ ቀጥሎ አለቃዬ ያስደወላት ልጅ፣ ቀጥሎ «ደህና ነህ ግን?» የሚል የቢሮ ግሩፕ ይከተለኛል።

ቸርችል እንኳ ይኼ ገብቶታል። ኦገስት 1941 ሩዝቬልትን ሊያገኝ በጦር መርከብ አትላንቲክን ሲሻገር፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደስታው የሚያነብበት ፋታ አገኘ። ያነበበው ሆርንብሎወር ስለሚባል የባህር ኃይል ካፒቴን የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን ለሰጠው ካይሮ ላለው ሚኒስትሩ «ሆርንብሎወር ግሩም ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ መልእክት ላከ። የመካከለኛው ምሥራቅ ጠቅላይ ሰፈር ተሸበረ፤ «ሆርንብሎወር» እነሱ ያልተነገራቸው የዘመቻ ምስጢራዊ ስም መስሏቸዋል! ሰውየው ግን ልብ ወለድ እያነበበ ነበር።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ስናነብ ሁላችንም ካፒቴን ነን። ትራፋልጋር ላይ በኔልሰን መርከብ በቪክቶሪ ከ800 በላይ ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ካፒቴኑ አንድ። ዕጣ ቢወጣ እኔ የሚደርሰኝ ከወደብ ታፍሶ የመጣው ሰውዬ ቦታ ነው፦ 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለተንጠልጣይ አልጋዬ፣ ጠረጴዛ ላይ አንኳኩቼ ነቀዙን የማራግፍለት ብስኩት፣ አፌን ከከፈትኩ ደግሞ ባለ ዘጠኝ ጅራት አለንጋ። ግን ማን ለዚህ ብሎ ገጽ ይገልጣል? እንደ ልማዴ ዘልዬ የካፒቴኑ የኋለኛ ክፍል ውስጥ፣ ከትልልቆቹ መስኮቶች ሥር ተቀምጬ ካርታ እዘረጋለሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን የኮፐንሃገኑ ታሪክ ነው። በ1801 እንግሊዞች ከዴንማርክ ጋር የገጠሙት ውጊያ ሲጦፍ የበላይ አዛዡ ሰር ሃይድ ፓርከር በባንዲራ «ውጊያውን አቁም» የሚል ምልክት ሰቀለ። ኔልሰን መነጽሩን አንስቶ ወደማያየው ዓይኑ አስጠግቶ «ምልክቱ በእውነት አይታየኝም» አለ ይባላል። ውጊያውንም ቀጠለ፣ አሸነፈም።

ይኼን እያሰብኩ የማነብበት መብራት እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። «የነገው ስብሰባ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል መጥቷል። ሪፖርቱን ይዘህ ና።»

«ማነው በዚህ ሰዓት?» አለች ባለቤቴ ከጨለማው ውስጥ።

«አድሚራሊቲ ነው፤ ተኚ።»

አንድ ዓይኔን ጨፈንኩና ስልኩን ወደ ጨፈንኩት ዓይኔ አስጠጋሁት። «ምልክቱ በእውነት አይታየኝም» አልኩ በሹክሹክታ። ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

«እንዳየኸው ያሳየኛል እኮ።»