ቨርጂኒያ በጎዶሎ ዓመትም ትመርጣለች

«ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ የለም» የሚለው አስተያየት ሲደጋገም አያለሁ። በአክብሮት ላርመው፤ ልክ አይደለም። የግዛቲቱ የታችኛው ምክር ቤት 100 መቀመጫዎች በሙሉ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡት፣ ያውም በአሜሪካ አቆጣጠር በጎዶሎ ዓመት ነው፦ 2023፣ 2025፣ 2027 እያለ ይቀጥላል። ቀኑ የኖቬምበር የመጀመሪያው ሰኞ ማግስት ያለው ማክሰኞ ነው፤ ጣቢያዎች በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ክፍት ናቸው።

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያላችሁ ዜጎች፣ እባካችሁ ቤት አትቅሩ። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ሁለት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው ከሳህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ተለየ፤ ምክር ቤቱም ሪፐብሊካኖች 51፣ ዴሞክራቶች 49 መቀመጫ ይዘውበት ቀረ። አንድ ሰው ብቻ ተጨማሪ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ዕጣው ባላስፈለገ ነበር።

ለማረጋገጥ የግዛቲቱ ምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የምርጫ ቀናትን ሰንጠረዥ እዩ። ምዝገባችሁን፣ የወረዳ ቁጥራችሁንና ጣቢያችሁንም እዚያው ታገኛላችሁ።