የኢሜይል ፊርማ በ«ስፕሊት» አይረጋገጥም

ሰሞኑን አንድ የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ድርጅት ለደንበኞቹ የበተናትን የአፕዴት ማስታወሻ አንብቤ ደሜ ፈላ። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ ደንበኞቹ ያውቁታል። የሚሸጠው ሲስተም ከአቅራቢዎች በኢሜይል የሚመጣውን ኢንቮይስ ተቀብሎ ሂሳብ ክፍል ፊት የሚያቀርብ ነው። ዲኪም የሚባለው የላኪው ዶሜይን (ከ@ ቀጥሎ ያለው ስም) ኢሜይሉ ላይ የሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ የሚጻፈውም ሄደር በሚባሉት፣ ከመልእክቱ አናት ባሉት መስመሮች ውስጥ ነው። ማስታወሻዋ ባጭሩ እንዲህ ትላለች። የዲኪም ፊርማ የሚያረጋግጥልንን በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ሞጁል አውጥተነዋል፤ ኢንስቶል ማድረጉ ያስቸግራል፣ ደህናውን ኢሜይል ሁሉ «ፊርማው ልክ አይደለም» እያለ ይጥልብናል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላ የፊርማውን ሄደር የምናነበው ራሳችን በጻፍነው አጭር የፓይተን ኮድ ነው። «ቀላል፣ ፈጣን፣ ከጥገኝነት ነፃ።» ፊርማ የተገኘበት ኢሜይል አረንጓዴ ምልክት ይደረግለታል፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ምልክቱን አይታ ክፍያ ታዘጋጃለች።

ከጥገኝነት ነፃ! እንኳን ደስ ያላችሁ። ከሥራውም ነፃ ወጥታችኋል።

ኮዱን ከደንበኞቹ አንዱ አሳይቶኛል። የዲኪም ሄደሩን ያወጣል፣ በ«;» ምልክቱ ላይ ስፕሊት ያደርገዋል፣ ማለትም ይቆራርጠዋል፣ «ዲ» የምትለዋን ታግ ይፈልጋል፣ እዚያ የተጻፈውን ዶሜይን ከላኪው አድራሻ ጋር ያወዳድራል፣ አንድ ከሆኑ አረንጓዴ። በቃ። ዲኤንኤስን፣ ማለትም የዶሜይኖችን የኢንተርኔት ማውጫ፣ የሚጠይቅ መስመር የለም። ሃሽ፣ ማለትም የጽሑፉን አሻራ የሚሆን ቁጥር፣ የሚያሰላ የለም። ቁልፍ የሚባል ነገር ከላይ እስከ ታች ብትፈልጉ አታገኙም።

ለዚህ ሁሉ የሰጡት ማብራሪያ ደግሞ ይባስ ጉድ ነው። «የዲኪም ፊርማ በክሪፕቶግራፊ የሚሠራ ስለሆነ አስመስሎ መጻፍ አይቻልም» ይላሉ። እንዴ! አስመስሎ መጻፍ የማይቻለው ፊርማውን ለሚያሰላ ሰው ነው እኮ። ላላሰላ ሰውማ ያ ሄደር እንደማንኛውም ሄደር ጽሑፍ ነው። ኖትፓድ ከፍቼ «ዲ» ላይና የላኪው አድራሻ ላይ የፈለግኩትን ባንክ ዶሜይን፣ ፊርማው ራሱ በሚጻፍባት «ቢ» ላይ ኪቦርዱን በክርኔ ደግፌ የወጣልኝን ፊደል ጽፌ ብልክላቸው አረንጓዴ ያበሩልኛል። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሲመጣለት ማህተሙ የማን እንደሆነ ሳያይ «ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ይግባ» የሚል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢኖር ስንት ቀን ይቆይ ነበር?

ማረጋገጥ ማለት ምን እንደሆነ ላስታውስ። ከፊርማው ውስጥ «ኤስ» እና «ዲ» የሚባሉት ታጎች ይወሰዳሉ፣ መሃላቸው «ዶሜይንኪ» የሚለው ቃል ገብቶ አንድ ስም ይሠራል፣ በዚያ ስም ዲኤንኤስ ይጠየቅና የዶሜይኑ ባለቤት ያስቀመጠው ፐብሊክ ኪ (ለማንም ክፍት የሆነው ቁልፍ) ይመጣል። የመልእክቱ አካል ተስተካክሎ ሃሹ ይሰላል፣ «ቢኤች» ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። ከዚያ «ኤች» ላይ የተዘረዘሩት ሄደሮች በዚያው ቅደም ተከተል ይሰበሰባሉ፣ የፊርማው ሄደር ራሱ «ቢ»ው ባዶ ተደርጎ መጨረሻ ላይ ይጨመራል፣ ይሄ ሁሉ በቁልፉ ይፈተሻል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የያሁና የሲስኮ ሥራ ተዋህዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታንዳርድ የሆነ፣ በ2011 የታደሰ አሠራር ነው። ዲኤንኤስ ያልጠየቀ ኮድ ምንም አላረጋገጠም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነውና። «ሞጁሉ ደህናውን ኢሜይል ይጥልብናል» የምትለዋ ስሞታ። ሞጁሉ ከመሬት ተነስቶ አይጥልም! ይሄ የፐርል ሞጁል፣ ሜይል ዲኪም የሚባለው፣ የስፓም ማጣሪያው ስፓምአሳሲን ራሱ የሚጠቀምበት ነው። በደህና ኢሜይል ላይ «ፌይል» እያለ ካስቸገረህ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ምን ሰጥቼው ነው? ፊርማ የሚፈረመው በባይት ላይ ነው። ኢሜይሉ ከሰርቨሩ እንደወጣ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዳለ መግባት አለበት። የፐርሉ ሞጁል ሰነድ እያንዳንዱ መስመር በሁለቱ የመስመር መጨረሻ ምልክቶች (ሲአርና ኤልኤፍ) ተዘግቶ እንዲሰጠው ይፈልጋል፤ የምሳሌ ኮዱ ላይ መስመሩን ልጦ ሁለቱን ምልክቶች መልሶ ሲለጥፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፓይተን ደግሞ ፋይሉን በቴክስት ሞድ ከከፈትከው ሳይጠይቅህ ሁለቱን ወደ አንድ ይለውጣቸዋል። ይሄን ለሞጁሉ አቀብለህ «ሞጁሉ አስቸገረኝ» ትላለህ።

እኛ አገር ሲሆን ችግሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ርዕሱ አማርኛ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ይፈጃል። የኢሜይል ሄደር በድሮው ሕግ አማርኛ ስለማይችል ርዕሱ ቤዝ 64 በሚባለው ዘዴ ወደ ላቲን ሆሄና ቁጥር ተለውጦ ይጠቀለላል፣ ሦስቱ ባይት አራት ሆሄ ይሆናሉ፣ አንድ ጥቅል ደግሞ ከ75 ሆሄ መብለጥ የለበትም። መክፈቻና መዝጊያው ሲቀነስ አንድ ጥቅል የሚይዘው 15 ያህል የአማርኛ ፊደል ነው። «የመስከረም ወር የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ክፍያ መጠየቂያ» የሚል ርዕስ የግድ ተቆራርጦ ይሄዳል። የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው የላኪው ፕሮግራም ነው። አሁን የእነዚህ ሰዎች ሲስተም ምን ያደርጋል? ኢሜይሉ ገና እንደገባ ርዕሱን ፈትቶ ፊቱ ላይ የመዝገብ ቁጥር ይለጥፍና መልሶ ይጠቀልለዋል። ቁጥሩን እንኳ ተዉት፤ ፈትቶ መልሶ መጠቅለሉ ብቻ ይበቃል። ላኪው «ዩቲኤፍ»ን በትልልቁ የላቲን ፊደል ጽፎት ከነበረ ፓይተን በትንንሹ ይጽፈዋል፣ ላኪው አሥረኛው ፊደል ላይ ቆርጦት ከነበረ ፓይተን በራሱ ሂሳብ ሌላ ቦታ ይቆርጠዋል። ስክሪን ላይ ቃል በቃል ያው ርዕስ ነው። ለፊርማው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

«ሪላክስድ የሚባለው አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ሪላክስድ፣ ከፍተሻው በፊት ጽሑፉን የሚያስተካክለው ለዘብ ያለ የዲኪም ስልት፣ የሄደሩን ስም ወደ ትንንሽ ፊደል ያወርዳል፣ የተደጋገመ ክፍት ቦታ ያሰባስባል፣ የታጠፈ መስመር ይዘረጋል። የርዕሱን ይዘት ግን አይነካም። አንድ ፊደል ትልቅ የነበረው ትንሽ ከሆነ ፊርማው ወደቀ፣ አለቀ።

ኢሜይሉን ለሞጁሉ ያቀበሉት ቁጥሩን ከለጠፉበት በኋላ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የድሮውን ኮዳቸውን አላየሁም፣ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፊርማው የተሰበረው በእነሱው እጅ ነው፣ ሞጁሉ እውነቱን ነገራቸው፣ እነሱ ደግሞ እውነቱን የነገራቸውን አባረሩ! ከዚህ የከፋው ግን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡት ያንኑ የተነካካውን ቅጂ መሆኑ ነው። ዋናው የለም። ነገ ክስ ቢመጣ፣ «ይሄን ኢንቮይስ በርግጥ አቅራቢው ነው የላከው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሞጁል ተሰብስቦ ቢመጣ ሊመልስላቸው አይችልም። ማስረጃውን ራሳቸው አጥፍተውታል።

ሌላም አለ። የላኪ አድራሻ የሚጻፍበት «ፍሮም» ሄደር በሕጉ አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ አጭበርባሪ ግን ሁለት ይጽፋል። ተደጋጋሚ ሄደር ሲኖር ዲኪም የሚቆጥረው ከታች ወደ ላይ ነው። እውነተኛ ፊርማ ያለውን ኢሜይል ወስዶ አናቱ ላይ ሌላ «ፍሮም» የጨመረበት ሰው፣ ፈራሚው ይሄን ለመከላከል «ፍሮም» የሚለውን ስም «ኤች» ላይ ሁለቴ ካልዘረዘረው በቀር፣ ፊርማውን ሳይሰብር ሌላ ስም ስክሪን ላይ ሊያወጣ ይችላል። የፓይተን ኢሜይል ላይብረሪ ሰነድ ደግሞ በግልጽ ይናገራል፤ ሄደሩ ከአንድ በላይ ከሆነ በስሙ ስትጠራው የትኛው እንደሚመጣ አልተወሰነም፣ ሁሉንም የሚያመጣውን ሌላ ሜተድ ተጠቀም ይላል። የኛ ሰዎች ኮድ በስሙ ይጠራል። የዲኪም ሄደሩንም እንደዚያው። ብዙ ኢሜይል ዛሬ ሁለት ፊርማ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱ የድርጅቱ፣ ሌላው ኢሜይሉን የሚልክለት ኩባንያ። የፐርሉ ሞጁል ሁሉንም ፈትሾ ከውጤቶቹ የተሻለውን ይሰጥሃል፣ ከፈለግህም አንድ በአንድ ያሳይሃል። እነሱ የቀደመላቸውን ይይዛሉ።

ስለ ቁልፍ ርዝመት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዛካሪ ሃሪስ የሚባል የሂሳብ ሰው የጉግል የዲኪም ቁልፍ 512 ቢት ብቻ መሆኑን አይቶ ሰብሮታል፣ ከዚያም በጉግል መሥራቾች ስም ኢሜይል ልኳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ስታንዳርዱ ከ1024 ቢት በታች የሆነ ቁልፍ ተቀባይነት የለውም፣ ኤስኤችኤ 1 በሚባለው አሮጌ የሃሽ ስልት የተፈረመም አይታመን ይላል። ቁልፉን ጭራሽ የማያይ ኮድ ርዝመቱን ከየት ያውቃል?

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የፐርሉን ሞጁል መጫን አንዳንዴ ያበሽቃል። ሌሎች ሞጁሎችን ይጎትታል፣ አርኤስኤ የተባለውን የፊርማ ስሌት የሚሠራውን ሞጁል ለመገንባት ሲ ኮምፓይለር (የሲ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚለውጥ መሣሪያ) እና ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ፋይሎች ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ከተቆረጠ እንደገና ነው። እሺ። ግን ፓይተን ከወደዳችሁ ለፓይተንም ዲኪምፓይ የሚባል አለላችሁ እኮ! የመልእክቱን ባይት ትሰጡታላችሁ፣ ልክ ነው ወይም አይደለም ይላችኋል። ከእናንተ ስፕሊት ያጠረ ነው።

«ፊርማ የሌለውን ከለየን ስፓሙ ይቀንሳል» ያሉትን በአንድ መስመር ልለፈው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልክ ሁሉ ዲኪም እንዲኖረው አስገድደዋል፣ ስለዚህ ስፓም ላኪውም ዛሬ አሳምሮ ይፈርማል።

ለደንበኞቹ የምለው፣ ነገ ጠዋት ለሻጫችሁ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ኢሜይል ሲገባ ኮዳችሁ ዲኤንኤስ ይጠይቃል ወይ? መልሱ «አያስፈልገውም» ከሆነ አረንጓዴ ምልክት አይታችሁ ብር አታስተላልፉ፣ ለአቅራቢው በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ለድርጅቱ ደግሞ፣ የመጣውን ኢሜይል ከመንካታችሁ በፊት እንዳለ አስቀምጡት፣ ያንን ቅጂ ለሞጁሉ ስጡት፣ ዲኤንኤስ ለአፍታ ሲጠፋ ሞጁሉ «ቴምፕኤረር» (ጊዜያዊ ስህተት) ቢላችሁ ቆይታችሁ ድገሙት እንጂ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ይሄን እስክታስተካክሉ ድረስ ያቺን አረንጓዴ ምልክት አጥፏት። እሷን ለማጥፋት ኮምፓይለር አያስፈልግም።